የ18 ሚሊሜትር ጣጣ

ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ባለ 550 የቁም ጄት ስኪ የተሸከመው ፓምፕ ውስጣዊ ስፋቱ 122 ሚሊሜትር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የተከተለው ባለ 650 ደግሞ 140 ሚሊሜትር ይዞ መጣ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 18 ሚሊሜትር ነው፤ የአውራ ጣት ወርድ አይሞላም። ይህችን ለማግኘት ግን ጤነኛ ቀፎ በመጋዝ የሚቆርጡ፣ ፋይበር ግላስ የሚደራርቡ፣ ለቶርኖ ቤት ገንዘብ የሚያፈሱ ባለቤቶች አሉ። ሥራው ሲሰምር ጄት ስኪው ነዳጅ በተሰጠው ቅጽበት ከውኃው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ካልሰመረ ከድሮው የባሰ ዝግተኛ ይሆናል፤ ባለቤቱም "ምነው ባልነካሁት" ይላል።

የቁም ጄት ስኪ በዱባይ ዳርቻ ቱሪስት ጓደኛውን ከኋላ አስቀምጦ የሚጋልበው ዓይነት አይደለም። መቀመጫ የለውም። ጋላቢው ከበስተኋላው ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ከፊት የሚነሳና ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ዘንግ ይይዛል፤ ለመታጠፍ መሪውን ማዞር ብቻውን ስለማይበቃው መላ ሰውነቱን ያዘነብላል። የሐሳቡ አባት ክሌይተን ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ የሞቶክሮስ ተወዳዳሪ ነው። ሞተር ሳይክልን የመሰለ ነገር ውኃ ላይ ለማስኬድ በ1960ዎቹ ተነሣ፤ ካዋሳኪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ አበቃለት።

ፓምፑ ራሱ ግን ከጄት ስኪ ይቀድማል። ቢል ሃሚልተን በኒውዚላንድ ካንተርበሪ አውራጃ ይኖር የነበረ ገበሬና መሐንዲስ ነው። የአካባቢው ወንዞች ጥልቀት የሌላቸውና ድንጋያማ ስለሆኑ፣ ከጀልባ ሥር ተንጠልጥሎ የሚሽከረከር ክንፍ ድንጋይ እየመታ ይሰበር ነበር። ሃሚልተን በ1954 መፍትሔውን አገኘ፦ ውኃውን ከሆድ ስቦ በኋላ በኩል በኃይል መትፋት። በ1960 ጀልባዎቹ የኮሎራዶን ወንዝ ሽቅብ ይዘው ግራንድ ካንየንን አቋረጡ። በዚሁ ወንዝ ላይ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ ወሰን፣ የሃቫሱ ሐይቅ አለ። የጄት ስኪ የዓለም ፍጻሜ ውድድር ለአሥርተ ዓመታት የተካሄደው እዚያ ነው።

አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ውኃ ከቀፎው ሆድ ባለ ወንፊት በኩል ወደ አንድ ዋሻ ይገባል። በዋሻው ጫፍ ከሞተሩ በመጣ ሻፍት የሚዞር ባለ ምላጭ ተሽከርካሪ አለ፤ ኢምፔለር ይባላል። ኢምፔለሩ ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋው እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ ቀጥሎ ያሉ የማይንቀሳቀሱ ክንፎች ቀጥ ያደርጉታል። መጨረሻ ላይ ጠባብ አፈሙዝ ያገኘዋል፤ እዚያ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ጀልባዋም ወደ ፊት ትወረወራለች። መሪ የሚያዞረው ይህንኑ አፈሙዝ ነው። ስለዚህ ደንግጦ የነዳጅ መስጫውን የለቀቀ ጀማሪ መሪው ከእጁ እንዳመለጠ ሊያውቅ ይገባል፦ ውኃ ካልተተፋ መታጠፍ የለም።

ሰፊ ፓምፕ ለምን ይፈለጋል? ግፊት የሚገኘው ብዙ ውኃ በመጠነኛ ፍጥነት ወይም ጥቂት ውኃ በከፍተኛ ፍጥነት በመትፋት ነው። ከሁለቱ በዝግታ ላይ ላለ ጀልባ የሚቀለው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም የውኃው መጠን እጥፍ ሲሆን የሚበላው ኃይል እጥፍ ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ከ122 ወደ 140 ሲኬድ የክቡ የወለል ስፋት በ32 በመቶ ገደማ ያድጋል። አፈሙዙም በዚያው ልክ ከሰፋ፣ ያው የሞተር ኃይል ከቆመበት ሲነሳ የሚሰጠው ግፊት በስሌት ደረጃ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጋላቢው ይህን ጭማሪ የሚያገኘው ከቆመበት ሲነሳና ከመታጠፊያ ሲወጣ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ጥቅሙ ይመናመናል፤ የሚተፋው ውኃ ከጀልባዋ ፈጥኖ መሄድ አለበት፣ በሰፊ አፈሙዝ የሚወጣ ውኃ ደግሞ ለዚያ ይዘገያል።

ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። በቅርጹ አንድ ዓይነት የሆነ ኢምፔለር በእኩል ዙር ሲሽከረከር የሚጠይቀው ኃይል ከዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። 140ን ለ122 አካፍሎ ውጤቱን አምስት ጊዜ በራሱ ያባዛ ሰው መልሱ ሁለት ሊሞላ ጥቂት እንደሚቀረው ያያል። የአውራ ጣት ወርድ የማትሞላው ጭማሪ ከሞተሩ እጥፍ ጉልበት ጠየቀች ማለት ነው። የያማሃ የቁም ጄት ስኪ በሆነው ሱፐርጄት ላይ ያለውን 144 ሚሊሜትር ፓምፕ በ155 መተካት የሚፈልግም 45 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይጠበቅበታል። አሮጌው 550 ሞተር በቦታው ሳለ ፓምፑን ብቻ የለወጠ ሰው ጄት ስኪው የሚታፈንበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ጭነት ይዞ ዳገት በአራተኛ ማርሽ እንደሚወጣ አይሱዙ ሞተሩ ዙር አያገኝም። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በ550 ቀፎ ላይ አስቀድመው ባለ 650 ወይም ባለ 750 ሞተር ያስገባሉ፤ ወይም የምላጮቹን ማዘንበል በዲግሪ ቀነስ አድርገው ሸክሙን ያቃልላሉ። ማዘንበሉ ከመጠን በላይ ከቀነሰ ደግሞ ሞተሩ በባዶ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የእጅ ሥራ ነው፤ ብዙው ገንዘብና ብዙው ብስጭትም የሚያልቀው እዚህ ነው። ዋሻው ለጠባቡ ፓምፕ የተቀረጸ ስለሆነ መቆረጥና በፋይበር ግላስ እንደገና መቀረጽ አለበት። ሰፊው ፓምፕ ከጠባብ ዋሻ ጋር እንዲሁ ከተገጠመ መጋጠሚያው ላይ ደረጃ ይፈጠራል፤ ውኃው እዚያ ይረበሻል፣ በቂ ውኃም አይደርስም። ኢምፔለሩ የተራበ ጊዜ ከምላጮቹ ጀርባ ያለው ግፊት እጅግ ዝቅ ስለሚል ውኃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ የሚፈጠሩት አረፋዎች ሲፈነዱ ምላጩን ይቦረቡራሉ። ማሸጊያውም ቀላል ነገር አይደለም። በፓምፑና በቀፎው መካከል በሲልከን ያልተዘጋች ቀዳዳ ካለች አየር ትስባለች፤ ፓምፕ አየር ከዋጠ ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ ባለችበት ትንሳፈፋለች።

ኢምፔለሩና የከበበው ቀለበት የሚራራቁት በጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሻፍቱ ከሞተሩ ጋር በአንድ መስመር ካልዋለ ምላጩ ቀለበቱን ይፍቃል፣ ኩሽኔታው ያልቃል፤ ስለዚህ ከሞተሩ እግር ሥር ስስ ላሜራ እየጨመሩ እያነሱ ያስተካክሉታል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የማቀዝቀዣውን ቱቦ ነው። በብዙ ጄት ስኪዎች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ የሚመጣው ከፓምፑ በራሱ ግፊት ነው። አዲሱ ፓምፕ ላይ መቀበያው ተበስቶ ካልተገናኘ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም ይነክሳል።

ከፓምፑ ጋር አብሮ የሚለወጥ ሌላም ክፍል አለ። ራይድ ፕሌት የሚባለው ከፓምፑ ሥር፣ የቀፎው ሆድ በሚያልቅበት ቦታ በቡሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ይሠራል። ሲያዩት ክዳን ይመስላል። ይሁን እንጂ ጄት ስኪ በፈጠነ ቁጥር አፍንጫው ከውኃ እየተነሳ ሆዱም እየደረቀ ይሄዳል፤ በስተመጨረሻ ውኃውን የሚነካው የኋላው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጋላቢው የቆመው በዚህ ሰሌዳ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ፓምፕ የለወጠ ሰው ሰሌዳውንም የሚለውጠው ለጌጥ አይደለም። የድሮው በአዲሱ ፓምፕ ሥር አይገጥምም፣ የቡሎኖቹ ቀዳዳዎችም አይገናኙም፤ በግድ ቢታሰር በሚቀረው ክፍተት አየር ይገባል።

ርዝመቱ የጄት ስኪውን ጠባይ ይለውጣል። ረጅም ሰሌዳ የኋላውን ክፍል ወደ ላይ ስለሚደግፍ አፍንጫው ዝቅ ይላል፤ በቀጥታ መስመር ላይ መንጠሩና ከፍ ዝቅ ማለቱ ይቀንሳል። አጭሩ በተቃራኒው አፍንጫውን ያነሳል፣ የኋላውንም ክፍል ያላላል። እንደ ሃቫሱ ባለ ቦታ በምልክት ዙሪያ የሚወዳደሩት ብዙውን ጊዜ ረጅሙን ይመርጣሉ። ጄት ስኪውን አየር ላይ የሚገለብጡት የነፃ ስልት ጋላቢዎች ደግሞ አጭሩን ይወዳሉ። ለእነዚህ ከፍተኛ ፍጥነት ምናቸውም አይደለም፤ የሚፈልጉት በጸጥተኛ ውኃ ላይ በቅጽበት የሚመጣ ግፊት ስለሆነ፣ ሰፊ ፓምፕ በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ቢፈለግ ከእነሱ ዘንድ ይገኛል። ለመዝናናት ብቻ ለሚጋልብ ሰው ግን ያለው ፓምፕ በደንብ ታሽጎ፣ ያረጀው ቀለበት ተለውጦ፣ ኢምፔለሩ ለሞተሩ የሚስማማ ቢሆን ከዚህ ሁሉ ድካም ይድናል።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ሲያሰፉ በጥንቃቄ ነው። ካዋሳኪ በ2017 ወደ ገበያ የመለሰው የቁም ጄት ስኪ ባለ 1498 ሲሲ ሞተር ነው፤ የፓምፑ ስፋት ግን 148 ሚሊሜትር፣ ከ1987ቱ 650 በ8 ሚሊሜትር ብቻ የሚበልጥ ነው። ያማሃ በ2021 ለሱፐርጄት ባለ 1049 ሲሲ አዲስ ሞተር ሲሰጠው ፓምፑን በ144 ላይ ተወው።

አንድ ነገር ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይጨመር። የሃቫሱ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ150 ሜትር አይበልጥም፤ ጣና ወደ 1800 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር 15 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ውኃው ግን እዚህም እዚያም እኩል ይከብዳል። ሃቫሱ ላይ ለሰፊ ፓምፕ የተስተካከለ ጄት ስኪ ባሕር ዳር ቢመጣ ሞተሩ የለመደውን ዙር አያገኝም፤ መካኒኩም ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት የኢምፔለሩን ማዘንበል አንድ ሁለት ዲግሪ መቀነስ ይኖርበታል።