ጤነኛ ውሻ ቢነክስስ?

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ውሻ ሰው ሲነክስ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «አብዷል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሞትን ማስቀረት አይቻልም ማለት ይቻላል። ውሻው ጤነኛ መሆኑ ሲታወቅ ግን የሁሉም ልብ ያርፋል፤ ነገሩም ይረሳል። በሽታ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ይህ መዘናጋት አደገኛ ነው።

«የተከተበ የቤት ውሻ ነው፤ ምንም አያመጣም» ይባላል። ክትባቱ የእብድ ውሻ በሽታን ይከላከላል። በጤነኛ ውሻና ድመት አፍ ውስጥ ግን ካፕኖሳይቶፋጋ እና ፓስቱሬላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እንስሳቱን አያሳምሟቸውም፤ ያ ክትባትም አያጠፋቸውም። ውሻ የላሰው ቁስል ቶሎ ይሽራል የሚባለውም ስህተት ነው፤ ባክቴሪያው በመላስም ይገባል።

«ትንሽ ጭረት ናት፤ ነገ ትድናለች።» ከሁሉም የከፋው እምነት ይህ ይመስለኛል። ጣፊያ ደም ውስጥ የገባን ባክቴሪያ ለቅሞ ያስወግዳል፤ በአደጋ ወይም በሕመም ምክንያት ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ይህ ጠባቂ የለውም። ጉበቱ የተጎዳ፣ አረቄ አብዝቶ የሚጠጣ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚውጥ ሰውም ለአደጋው ቅርብ ነው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ካፕኖሳይቶፋጋ ደም ውስጥ ሊራባ ይችላል። የተነከሰው ቦታ ብዙም ሳያብጥ፣ መግልም ሳይቋጥር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስና የሆድ ሕመም ይጀምራል። ሰውየው ከጃዊ ቆላ የተመለሰ ከሆነማ «ወባ ነው» ተብሎ ንክሻው ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነጠብጣብ ወጥቶ የደም ግፊት መውረድ ከጀመረ ሕይወት የሚተርፈው በሰዓታት ፍጥነት ነው።

የድመት ንክሻም ይናቃል። ጥርሷ ቀጭን ስለሆነ እንደ መርፌ ጠልቆ መገጣጠሚያና አጥንት ድረስ ይደርሳል፤ የቁስሉ አፍ ወዲያው ይገጥማል፤ ፓስቱሬላ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳብጠዋል። የድመት ንክሻ ከውሻ ንክሻ ይልቅ የሚያመረቅዘው ለዚህ ነው።

«ከፋርማሲ ክሎክሳሲሊን እገዛለሁ» የሚሉም አሉ። ክሎክሳሲሊን ለሌላ ቁስል የሚያገለግል ቢሆንም ፓስቱሬላን በደንብ አይገድልም። ለንክሻ በአብዛኛው የሚመረጠው አሞክሲሲሊን ከክላቭላኔት ጋር የተዋሃደው ነው፤ አቅሙ ለደከመ ሰው ደግሞ ቁስሉ ሳያመረቅዝ በፊት ሐኪም ያዝለታል።

ቡና፣ ቅቤ፣ አመድ ቁስል ላይ አይደረግም። በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ሕክምናውን ግን አያዘግይ።

ውሻው አብዷል ተብሎ ከተጠረጠረ ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብቻ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ቆዳቸውን የቧጨረ ወይም ያደማ ንክሻ ከደረሰባቸው፣ ቀድሞ የተከተቡ ቢሆኑም፣ ሙሉ ክትባቱን ከፀረ እንግዳ አካል መርፌ ጋር እንዲያገኙ ይመክራል። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና አቅሙ የተመለሰለት ሰው ግን እንደ ማንኛውም ጤነኛ ይታከማል።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ስትደርሱ ቁስሉን ብቻ አታሳዩ። ጣፊያችሁ ከወጣ፣ ጉበታችሁ ከታመመ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ፣ ባለሙያው እስኪጠይቃችሁ ሳትጠብቁ በመጀመሪያው ቃላችሁ ንገሩት።