ሄቪ ሜታል ለሚያዳምጥ ሰው ምን ዓይነት ማዳመጫ ይሻላል?

«ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል፤ በተለይ ማታ ስተኛ» ብሎ የሚመጣ ወጣት ሳክም መጀመሪያ ስለ ሥራው፣ ቀጥሎ ስለ ማዳመጫው እጠይቃለሁ። እዚህ ጌዶ ውስጥ መልሱ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል፦ መናኸሪያ አካባቢ የተገዛ ርካሽ ኤርፎን፣ እስከ መጨረሻው የተከፈተ ድምፅ፣ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ሮክና ሄቪ ሜታል የሚወዱ አሉ። ሮክ ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ከባድ ጊታርን ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አዋህዶ አቅርቧል። የሜታሊካና የአይረን ሜይደን ሥራዎችም ስልክ ላለው ሁሉ ቅርብ ናቸው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያሳስባቸው ሙዚቃው ራሱ ነው። «ዶክተር፣ ይህን ጩኸት እንዲተው ንገርልኝ» ይሉኛል። ጆሮ ግን የሙዚቃ ዓይነት አይመርጥም፤ መዝሙርም ሆነ የእግር ኳስ ዘገባ በዚያው የድምፅ መጠን ለዚያው ያህል ሰዓት ከተደመጠ ጉዳቱ ያው ነው። ስለዚህ ልጅዎን ሙዚቃውን አስጥሎ ከመጣላት ማዳመጫውን አብሮ መምረጡ የተሻለ ውጤት ያመጣል። ይህ ጽሑፍ የሚረዳው ለዚያ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው የት ላይ ነው?

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ቀንድ አውጣ የመሰለ ትንሽ አካል አለ፤ ኮክሊያ ይባላል። በውስጡ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ የሚሆኑ ፀጉር መሰል ህዋሳት ተደርድረዋል። ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም፤ የሚያበቅላቸው መድኃኒትም እስካሁን የለም። ከፍተኛ ድምፅ ቀድሞ የሚጎዳው ቀጭን ድምፆችን የሚቀበሉትን ነው፤ በመስማት ምርመራ ላይ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል። በዚህ ምክንያት ሰውየው የወፍራም ድምፆች ስሜት እያለው ስ፣ ሽ፣ ፍ እና ትን መለየት ይቸግረዋል። «ድምፁ ይሰማኛል፤ የሚሉት ግን አይገባኝም» የሚለው አቤቱታ ከዚህ የመጣ ነው።

ብዙዎችን የሚያታልለው ደግሞ ጆሮ ለጊዜው የሚያገግም መሆኑ ነው። ለሁለት ሰዓት ጮክ ያለ ሙዚቃ ሰምተው ማዳመጫውን ሲያወልቁ ጆሮዎ የተደፈነ ያህል ይሰማዎታል፣ ይጮኻል፤ በማግስቱ ግን ይለቅዎታል። በአይጦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ግን የመስማት ልኩ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላም ህዋሳቱን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች እንደጠፉ ቀሩ አሳይቷል። ስለዚህ በተደጋጋሚ «ተሻለኝ» ማለት ጆሮ አልተጎዳም ማለት አይደለም።

ምን ያህል ድምፅ፣ ለስንት ሰዓት?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት መመዘኛ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይችላል። ለልጆች 75 ዴሲቤል ነው። የዴሲቤል ቁጥር ግን እንደ ተራ ቁጥር አይታይም። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጆሮ የሚቀበለው ኃይል በእጥፍ ያድጋል፣ የሚፈቀደው ሰዓትም በግማሽ ይቀንሳል። 80 ላይ 40 ሰዓት የነበረው 90 ላይ 4 ሰዓት፣ 100 ላይ ደግሞ 24 ደቂቃ ብቻ ይሆናል፤ ያውም ለሳምንቱ በሙሉ። ብዙ ስልኮች ከኤርፎን ጋር እስከ መጨረሻው ሲከፈቱ ከ100 ዴሲቤል ያልፋሉ።

ሄቪ ሜታል እዚህ ላይ የራሱ ችግር አለው። በክራር የሚዜም ትዝታ እስትንፋስ አለው፤ ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጆሮም በመሃል ያርፋል። የሜታል ሙዚቃ ግን የተዛባ ጊታር፣ ፈጣን የእግር ከበሮና ጸናጽል ያለ ፋታ የሚፈሱበት ነው። በዚህ ላይ በቀረጻ ወቅት ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሁሉንም እኩል የማስጮህ ልማድ አለ። የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ የገዛ አድናቂዎቹ ሳይቀሩ በዚህ ምክንያት ቅሬታ አሰምተዋል። እናም የስልኩ ድምፅ በዚያው እርከን ላይ እያለ ሜታል ለጆሮ የሚያደርሰው ጠቅላላ ኃይል ከለሰስ ያለ ዘፈን ይበልጣል ማለት ነው። ሙዚቀኞቹም አላመለጡም፦ የሜታሊካው ከበሮ መቺ ላርስ ኡልሪክ ጆሮው እንደሚጮኽ በአደባባይ ተናግሯል፤ የኤሲ/ዲሲው ድምፃዊ ብራያን ጆንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሐኪሞች የመስማት አቅሙን ሙሉ በሙሉ ሊያጣ እንደሚችል ስላስጠነቀቁት የኮንሰርት ጉዞውን አቋርጦ ነበር።

ማዳመጫ ሲመርጡ ቀድመው የሚያዩት ነገር

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ቤዙ፣ ስለ ባትሪውና ስለ ዋጋው ነው። ለጆሮ ጤና የሚበልጠው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ይህ ማዳመጫ የውጭውን ድምፅ ምን ያህል ይከለክላል?

ምክንያቱን በራስዎ መንገድ ላይ ሊያዩት ይችላሉ። ከአምቦ ተነስተው በሚኒባስ ወደ ጌዶ ሲመጡ አምቦ ላይ የተስማማዎት ድምፅ ከጉደር በኋላ ዳገቱ ሲጀምርና ሞተሩ ሲያጓራ አይሰማዎትም። ስለዚህ ይጨምራሉ። ዳገቱ አልቆ ጌዶ ሲገቡ ግን የሚቀንስ ሰው ጥቂት ነው፤ ጆሮ በዚያን ጊዜ ለምዶታል። ዳገቱ ላይ የተጨመረው 10 ዴሲቤል ብቻ ቢሆን እንኳ የሳምንቱን ድርሻ ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ያደረገ ተማሪ በዚህ መጠን ካዳመጠ የሳምንቱን ድርሻ በዚያ ጉዞ ብቻ ጨርሶ ሊያልፍ ይችላል።

የውጭውን ድምፅ የሚከለክል ማዳመጫ ዝቅ ባለ ድምፅ ያረካል። ለሜታል አድማጭ ሌላም ጥቅም አለው። በማዳመጫውና በጆሮ መካከል ክፍተት ካለ ቀድሞ የሚያመልጠው ወፍራሙ ድምፅ ነው። የእግር ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ሲሳሳ አድማጩ «ቤዝ የለውም» ብሎ ጠቅላላውን ድምፅ ይጨምራል፤ በዚህም ጆሮን ይበልጥ የሚጎዳውን የጊታርና የጸናጽል ድምፅ አብሮ ያንራል። ብዙ ጊዜ የጎደለው ቤዝ ሳይሆን በትክክል መግጠሙ ነው።

ከዚህ በመነሳት ዓይነቶቹን እንይ። ከጆሮ ቀዳዳ ደጃፍ ላይ ብቻ የሚያርፈው ጠንካራ ፕላስቲክ ኤርፎን ምንም አይከለክልም፤ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ካልሆነ አልመክረውም። ጎማ ያለውና ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው የጎማው መጠን ከጆሮዎ ጋር ከተስማማ በጣም ጥሩ ነው፤ ከዕቃው ጋር የሚመጡትን ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማዎች ሳይጥሉ ሁሉንም ይሞክሩ፤ የግራና የቀኝ ጆሮዎ መጠን ሊለያይም ይችላል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ትልቁ ሄድፎን ለቤትና ለዶርም የእኔ ምርጫ ነው፤ ትራሱ ለስላሳ፣ ጀርባው ዝግ ይሁን። ጀርባቸው ክፍት የሆኑት ድምፃቸው ቢያምርም የውጭውን ጫጫታ ያስገባሉ። ጆሮ ላይ የሚለጠፉት ትናንሾቹ በመካከል ያሉ ናቸው።

ካርቶኑ ላይ ስለሚጻፉት ሁለት ምልክቶች ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሸወድባቸዋል። ኤ-ኤን-ሲ የሚለው የሞተርን ዓይነት ወጥ ጉርምርምታ በተቃራኒ ድምፅ ለመቀነስ የተሠራ ነው፤ በትክክል ከሠራ ለአውቶቡስ ተስማሚ ነው። ኢ-ኤን-ሲ የሚለው ግን ስልክ ሲያወሩ የእርስዎ ድምፅ ለሌላው ጠርቶ እንዲሰማ ማይክራፎኑን ያግዛል እንጂ እርስዎ የሚሰሙትን ጫጫታ አይቀንስም። ሻጩ ሁለቱንም «ድምፅ ይከለክላል» ብሎ ሊሸጥልዎት ይችላል።

ሱቅ ውስጥ በሁለት ደቂቃ የሚደረግ ሙከራ አለ። ማዳመጫውን ያድርጉ፣ ምንም አይክፈቱ፣ ሻጩ እንዲያወራዎት ይጠይቁ። ድምፁ በግልጽ ከራቀ መግጠሙ ጥሩ ነው። ቀጥሎ በደንብ የሚያውቁትን የራስዎን ዘፈን የስልኩ ድምፅ ግማሽ ላይ ሆኖ ይክፈቱ። በዚያ መጠን ግጥሙና ጊታሩ ተለይተው ከተሰሙ ይግዙ፤ ለመለየት መጨመር ካስፈለገዎት ይተዉት። ኮፒ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ውዱም ሁሉ ጥሩ አይደለም።

ከገዙ በኋላ

«ከ60 በመቶ አይለፍ» የሚለውን ምክር ሰምተው ይሆናል። ክፉ ምክር አይደለም፤ ግን የአንዱ ስልክ 60 በመቶ ከሌላው ጋር እኩል አይደለም፤ ማዳመጫ ሲቀይሩም ይለወጣል። እኔ የምመክረው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የሚያረካዎትን ዝቅተኛ መጠን ፈልገው እርከኑን እንዲያስታውሱና መንገድ ላይም ከዚያ እንዳያልፉ ነው። በዚያ መጠን አውቶቡስ ውስጥ ካልተሰማዎት ማዳመጫው በቂ አይከለክልም ማለት ነው። ሳምሰንግ ስልኮች ላይ በሴቲንግ ውስጥ የሚዲያ ቮልዩም ገደብ ማበጀት ይቻላል፤ አይፎንም ከፍተኛ ድምፅን በራሱ የሚቀንስበት ማስተካከያ አለው። ለልጅዎ ስልክ ይህን አብረውት ተቀምጠው ቢሞሉ ጥሩ ነው።

መንገድ ሲሻገሩ ሁለቱንም ያውልቁ። ወደ ነቀምት የሚያልፈው አስፋልት ጌዶን መሃል ለመሃል ያቋርጣል፤ ከከባድ መኪናውም ከባጃጁም የሚያድንዎት ጆሮዎ ነው።

በብረታ ብረት ቤት ወይም በወፍጮ ቤት የሚሠሩ ወጣቶች ሥራ ላይ ሙዚቃ መክፈታቸው በጣም ያሳስበኛል። ከብረት መቁረጫው ጩኸት በላይ እንዲሰማ የተከፈተ ሙዚቃ በጉዳት ላይ ጉዳት ነው። የሙዚቃ ማዳመጫ የጆሮ መከላከያ አይደለም፤ ጥጥም እምብዛም አይጠቅምም። ለሥራ የተዘጋጀውን የስፖንጅ መሰኪያ ወይም ጆሮ የሚሸፍን መከላከያ ይጠቀሙ፤ ሙዚቃው ለማታ ይቆይ።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው

ጆሮው መግል ወይም ፈሳሽ የሚያወጣ ሰው እስኪድን ድረስ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን አያድርግ፤ እርጥበት ይይዛል፣ ቁስሉን ያባብሳል። ኤርፎን መዋዋስም ይቅር። መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ምክንያት አሚካሲን ወይም ካናማይሲን መርፌ የተወጉ፣ እንዲሁም ጄንታማይሲን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች ውስጠኛ ጆሯቸው ቀድሞ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ድምፁን ከሌላው ሰው የበለጠ ዝቅ ያድርጉ።

ኤርፎን ኩክን ወደ ውስጥ ሊገፋ ይችላል። በክብሪት እንጨት መቆርቆር ወይም የሞቀ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት መጨመር ታምቡርን ሊጎዳ ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄደው ያስጠርጉ። ከተጠረገ በኋላ ጩኸቱ የጠፋላቸው ሰዎች አሉ።

መቼ ወደ ሐኪም?

ካዳመጡ በኋላ የሚመጣው የጆሮ ጩኸት ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ ቴሌቪዥኑን ከቤተሰቡ ይልቅ ከፍ ማድረግ ከጀመሩ፣ ሰው በተሰበሰበበት ንግግር መለየት ካቃተዎት ይምጡ። በመጀመሪያ በአቅራቢያዎ ባለው ሆስፒታል ጆሮዎ ይታያል፤ የመስማት ምርመራ ካስፈለገ አዲስ አበባ እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ወዳሉ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሕክምና ወደሚሰጥባቸው ቦታዎች ይላካሉ። ሲመጡ ማዳመጫዎንና ስልክዎን ይዘው ይምጡ፤ በየትኛው እርከን እንደሚያዳምጡ ለሐኪሙ ማሳየቱ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ይህ አስቸኳይ ሁኔታ ነው። ሕክምናው የሚሰጠው በስቴሮይድ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር የተሻለ ተስፋ አለው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። «ኩክ ይሆናል» ብለው ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ።