ከ36ቱ ወር ዘጠኙን ለማስተርስ

አሜሪካ ያላችሁ የደምበጫ ልጆች፣ በተለይ ከአርሚ ወጥታችሁ ኮሌጅ ለመጀመር የምታስቡ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ።

በዲቪ መጥቶ በግሪን ካርድ የተቀጠረም ይሁን አማርኛ ስለሚችል ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም የተመለመለ፣ ሦስት ዓመት አገልግሎ በክብር የተሰናበተ ሰው ሙሉውን የፖስት ናይን ኢለቨን ጂአይ ቢል ያገኛል። ይህም የ36 ወር ትምህርት ነው። አብዛኞቻችን የምናሰላው ዶላሩን ነው፤ እኔ ግን ወሩን ቁጠሩ እላለሁ። አንድ የኮሌጅ ዓመት ዘጠኝ ወር ገደማ ስለሚወስድ የአራት ዓመት ዲግሪ 36ቱን ወር ጥርግ አድርጎ ይበላል። የአንድ ዓመት ኮርስ፣ ማለትም 30 ክሬዲት ያህል፣ በፈተና ካለፋችሁ ግን ዘጠኝ ወር ተርፎ ማስተርስ ያስጀምራችኋል።

ፈተናው ክሌፕ ይባላል፤ የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። 34 ዓይነት ሲሆን አብዛኛው 90 ደቂቃ ይፈጃል። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ነው፤ ብዙ ኮሌጆች 50 ላመጣ ክሬዲት ይሰጣሉ።

ከሒሳብ ጀምሩ። አገር ቤት 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ የጨረሰ ሰው ካልኩለስ ድረስ ነክቷል፤ እዚህ ያንኑ ክፍል ገብቶ እንደገና መማር ወር ማባከን ነው። የአክስቴ ልጅ ኮሌጅ አልጀብራን ሲፈተን ስልኩን ሎከር ውስጥ ቆልፎ፣ የተሰጠውን ባዶ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ገባ። የመጣለት ሎጋሪዝም ደምበጫ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማረው ራሱ ነበር። ጨርሶ የወጣው ውጤቱን እዚያው ስክሪኑ ላይ አይቶ ነው፦ 61። የአሜሪካ ታሪክና የአሜሪካ መንግሥት ግን ከልጅነታችን ያልሰማነው ነገር ስለሆነ በደንብ ማንበብ ይጠይቃሉ።

ክፍያው ወደ 100 ዶላር ይጠጋል፤ የመፈተኛ ማዕከሉም በላዩ ላይ የራሱን ይጨምራል። መጀመሪያ ሞደርን ስቴትስን ሞክሩ፤ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ ነፃውን ኮርስ ለጨረሰ የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ጂአይ ቢላችሁ አይነካም። ካልሆነ ራሳችሁ ከፍላችሁ ተፈተኑና ደረሰኙንና ውጤቱን ከቅጽ 22-0810 ጋር ጂአይ ቢሉን ለሚያስተዳድረው ለቪኤ ላኩ፤ ገንዘቡን ይመልስላችኋል። ድሮ ለአንድ ፈተና ሙሉ ወር ይቆረጥ ነበር። ከኦገስት 2018 ወዲህ የሚቀነሰው በክፍያው መጠን ልክ ስለሆነ አትፍሩት።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ከመመዝገባችሁ በፊት የኮሌጃችሁ ሪጅስትራር ቢሮ ሄዳችሁ የትኛውን ፈተና እንደሚቀበሉ፣ ስንት ክሬዲት ድረስ እንደሚይዙ ጠይቁ፤ ኮሌጁ ሁሉ አንድ አይደለም። ክሬዲት ያገኛችሁበትን ኮርስ ደግማችሁ ብትወስዱትም ቪኤ አይከፍልም። ሁለተኛው ጂአይ ቢሉ የሚሰጠው የቤት ኪራይ አበል ነው። እሱ የሚከፈለው ከግማሽ በላይ የኮርስ ጭነት ይዞ ለሚማር ሰው ነው፤ ፈተና አበል አያስገኝም። ቤተሰብ የምታስተዳድሩ፣ በአንድ ሴሚስተር የሚቀራችሁ ኮርስ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች እንዳይሆን አስቀድማችሁ አስሉ።

አማርኛስ ላላችሁኝ፦ ክሌፕ በቋንቋ ያለው ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ብቻ ነው። የአክትፍል የንግግር ፈተና ግን አማርኛ አለው፤ ሪጅስትራሩን ስለሱም ጠይቁ።

ገና ዩኒፎርም ላይ ያላችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ መንገድ አትጠብቁ። ዳንቴስ የሚባለው የሠራዊቱ የትምህርት ድጋፍ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ክሌፕ የመጀመሪያ ሙከራ ይከፍልላችኋል፣ ከጂአይ ቢሉም ምንም አይቀንስም። ካምፓችሁ ውስጥ ያለው የትምህርት ማዕከል ያስመዘግባችኋል፤ ከመሰናበቻችሁ በፊት የቻላችሁትን ያህል ውሰዱ። በሥልጠና ያገኛችሁት ክሬዲት የሚመዘገብበትን ጄኤስቲ የሚባለውን ትራንስክሪፕትም ለኮሌጃችሁ አስልኩ።