ሳህኑ ባዶ ቢሆንስ?

ስለ ንብ ሲነሳ ሁሉም ቀፎውን ይቆጥራል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ግን ቀፎም መንጋም የላቸውም። እናቲቱ ብቻዋን መሬት ፈልፍላ ወይም ደረቅ እንጨት ሰርስራ እንቁላሏን ትጥላለች። በሰበታ ማሳ ዳርና በቡራዩ አጥር ሥር ያሉት እነዚህ ናቸው። ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ ስለማይዝ ከሌላ የኑግ ተክል የሚያመጣለት ይፈልጋል፤ የማር ንብ ብቻዋን ይህን ሁሉ ትሠራለች ማለት የዋህነት ነው።

የዱር ንቦችን ለመቁጠር ቢጫ፣ ነጭና ሰማያዊ የተቀቡ ትንንሽ ሳህኖች፣ ውሃና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃሉ። ንቧ አበባ መስሏት ታርፍና ትሰምጣለች። ሳህኖቹ ጠዋት ተዘርግተው ማታ ይነሳሉ።

መስከረም ላይ፣ የሱሉልታ መስክ በአደይና በመጭ ቢጫ ለብሶ ሳለ ሳህኖቹን ሳነሳ የማሳው ባለቤት ጎንበስ ብለው አዩና «በል እንግዲህ ልጄ፣ ንብ የለም ብለህ ጻፍ» አሉኝ። አጠገባቸው ያለው መጭ ላይ ግን ንቡ ይርመሰመስ ነበር። አበባ በሞላበት ሜዳ ሳህኑን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? አበባ በሌለበት የታረሰ መሬት ላይ ደግሞ ብቸኛው «አበባ» እሱ ስለሆነ ሊሞላ ይችላል። በሳህን ብቻ የቆጠረ ሰው የተራቆተውን መሬት ከለማው አስበልጦ ይጽፋል። ሳህን ደግሞ ያዳላል፤ ትንንሾቹን ይሰበስባል፣ ብዙ ሰው ጥንዚዛ የሚመስለውን ትልቁን ጥቁር እንጨት ሰርሳሪ ንብ ግን እምብዛም አይዝም። ስለዚህ መረብ ይዞ በተለካ መስመር፣ ለተወሰነ ደቂቃ ዝግ ብሎ መሄድና የአበባውንም ብዛት መጻፍ ያስፈልጋል። ሰዓቱንና ደመናውን ሳይመዘግብ ቁጥር ብቻ ይዞልኝ የሚመጣ ተማሪ ያናድደኛል፤ በብርድ ጠዋት የዱር ንብ የት ወጥቶ?

ጣዝማ የምትባለውን ንብ ለማግኘት ግን ዓይንን መሬት ላይ መጣል ይሻላል። አትናደፍም፤ ጎጆዋ ከመሬት በታች ነው፣ ማሯንም በማር እንጀራ ሳይሆን በትንንሽ የሰም ማሰሮዎች ታጠራቅማለች። ከቡራዩ አለፍ ብሎ ያለው የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል በቀፎ ሊያላምዳት ሠርቷል። ሰዉ ግን ለመድኃኒት እያለ ቆፍሮ ማሩን ሲወስድ መንጋው ያልቃል። ቀዳዳዋን ያገኘ ቆጣሪ ቦታውን በደብተሩ ይያዝና በዓመቱ ተመልሶ ይይ። ችካል እንዳይተክል ብቻ፤ ለቆፋሪው ማሳየት ነው።