የጌም ሄድፎን ከጥገና ጠረጴዛ ሲታይ

“ተበላሸ” ተብለው ወደ ሱቄ ከሚመጡ ሄድፎኖች ጥቂት የማይባሉት ምንም አልሆኑም። ልጁ አዲሱን የብሉቱዝ ሄድፎን ከነካርቶኑ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና “ጋሼ፣ ከስልኬ ጋር ይሠራል፤ ፕሌስቴሽኑ ግን አላገኘው አለ” ይለኛል። የሚጠገን ነገር የለውም። ፕሌስቴሽን 4 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣም ሆነ ፕሌስቴሽን 5 በ2020 ሲከተለው፣ ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ እንዲቀበሉ ሆነው አልተሠሩም። ኒንተንዶ ስዊችም በ2017 ወጥቶ የብሉቱዝ ድምፅ የፈቀደው በ2021 ነው፤ ያውም ማይኩን ትቶ። ሻጩ ይህችን ብቻ ቢነግረው ኖሮ ልጁ ያጠራቀማት ብር ለማይሆነው ዕቃ ባልወጣች። ይህ ያንገበግበኛል፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

“ባለገመድ ይሻላል ወይስ ገመድ አልባ?” ለሚለኝ ሰው “የትኛው ገመድ አልባ?” ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ሁለት ዓይነት አለና። አንዱ ብሉቱዝ ነው። ሌላው ፍላሽ የምታህል ማስተላለፊያ አብራው የምትመጣ፣ እሷን ዩኤስቢ ላይ ሰክተህ የምትጠቀምበት ነው፤ ልጆቹ ዶንግል ይሏታል። ሁለቱም የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የሚለያዩት በአያያዛቸው ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ በጥቂት በጥቂቱ ይልከዋል፤ ማዳመጫው ደግሞ መሐል ላይ እንዳይቆራረጥበት፣ ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው ቤት ሮቶ እንደሚሞላው፣ ከመጣው ላይ የተወሰነ ያጠራቅማል። መዘግየቱ በዋናነት የሚመጣው ከዚህ ነው። በተለመደው ብሉቱዝ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ መዘግየት ብርቅ አይደለም። የዶንግሉ ሥራ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚያጠራቅመው ትንሽ ነው፤ ደህና የተሠራው ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ያደርሳል። በገመድ የሚመጣው ድምፅ መዘግየቱ ከቁጥር አይገባም።

ታዲያ ፊልም ስናይ ለምን አይታወቀንም? ፊልሙን የሚያጫውተው ስልክ ድምፁ እንደሚዘገይ ስለሚያውቅ ምስሉንም አብሮ ያቆየዋል። ጌም ይህን ማድረግ አይችልም። ምስሉ የሚታዘዘው ለጣትህ ስለሆነ እሱ ከዘገየ ጨዋታው ራሱ ይሞታል። ስለዚህ ምስሉ ይቀድማል፣ ድምፁ ከኋላ ይደርሳል። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም 200 ሚሊሰከንድ ማለት 12 ምስል ነው። በዚያ ጊዜ ድምፅ በአየር ላይ ወደ 68 ሜትር ይጓዛል። ፐብጂ የሚጫወት ልጅ ደረጃ የሚወጣውን የባላጋራ ኮቴ ሲሰማ ሰውዬው በሩ ላይ ደርሷል። ኳስ ለሚጫወት ይህን ያህል አይጎዳም፤ እዚያ የሚፈርደው ዓይን ነው።

ማይኩም አለ። ከቡድንህ ጋር ለማውራት ማይኩን ስትከፍት አብዛኛው የብሉቱዝ ሄድፎን ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይዞራል፤ ግራና ቀኝ መለየቱ ይቀራል፣ ድምፁም ይታፈናል። በ2020 ይፋ የሆነው ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲስ አሠራር ይህን ያሻሽላል፤ የሚጠቅመው ግን ስልኩም ሄድፎኑም ሲኖራቸው ነው።

ባለገመዱ ሲበላሽ ቦታውን ሳልከፍተው እገምታለሁ፦ ወይ የጃኩ አንገት ላይ ነው፣ ወይ ገመዱ ወደ ጆሮው የሚገባበት። መታጠፍ የሚበዛው እዚያ ነው። ስቆርጠው ከፀጉር የቀጠኑ የመዳብ ሽቦዎች ከናይለን ክር ጋር ተገምደው አገኛለሁ። ሽቦዎቹ ቀለም ተቀብተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴው የግራ፣ ቀዩ የቀኝ፣ የመዳብ መልክ ያለው የጋራ መመለሻ ነው። ያ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በመበየጃው ሙቀት ተቃጥሎ ካልተነሣ ሽቦው የተያዘ ይመስላል እንጂ አይሠራም፤ ቤቱ ሊጠግን የሞከረ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ማይክ ያለው ጃክ ደግሞ አራት ክፍል አለው፦ ከጫፉ ግራ፣ ቀኝ፣ መመለሻ፣ ማይክ። በአንዳንድ የቆዩ ስልኮች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህን አውቆ የሚይዘው ባለሙያ ሄድፎኑን በዚያው ቀን ይመልስልሃል።

ገመድ አልባው ላይ ግን ይህ ሁሉ ሙያ ብዙ አይጠቅመኝም። ዶንግሉና ሄድፎኑ ከፋብሪካ ተጣምረው ስለሚወጡ ዶንግሉ ከጠፋ ከገበያ ያገኘኸውን ሌላ ብትሰካ አይግባባም። ሊትየም ባትሪው ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ይሞታል፤ ሽፋኑ በማጣበቂያ የታሸገ ከሆነ ደግሞ ሳይሰበር መክፈቱ ከባድ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው የባትሪው ነገር ከድምፁ ጥራት እኩል ይታያል። በ2022 የወጣው የሃይፐርኤክስ ክላውድ አልፋ ገመድ አልባ በአንድ ቻርጅ እስከ 300 ሰዓት እንደሚሠራ ኩባንያው ይገልጻል፤ የስቲልሲሪስ አርክቲስ ኖቫ ፕሮ ገመድ አልባም ሁለት ተቀያያሪ ባትሪ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያሉትን አከብራቸዋለሁ፤ ዋጋቸው ግን የብዙ ደንበኞቼ አይደለም።

ለእነሱ የምለው ቀላል ነው። የፕሌስቴሽኑ ጆይስቲክ ላይ 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለ፤ የስልክህን ባለገመድ ኤርፎን እንኳ ብትሰካበት ይሠራል። ጆይስቲኩ ራሱ ከማሽኑ ጋር ያለ ገመድ ስለሚገናኝ ገመዱ ከጆሮህ እስከ እጅህ ብቻ ነው፤ ሳሎን የሚያቋርጥ፣ ሰው የሚያደናቅፍ ነገር የለም። የሰው ወሬ እየተሰማህ የጌሙ ድምፅ ከጠፋ፣ በፕሌስቴሽን 4 የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ሄድፎን የሚሄደውን “ኦል ኦዲዮ” ላይ አድርገው።

ኮምፒውተር ላይ የሚጫወት፣ ቶሎ ቶሎ የሚነሣ ሰው ባለ ዶንግሉን ቢገዛ አልከለክለውም። የገመድ ቀዳዳም ያለው ይሁን እላለሁ፤ ባትሪው ወይም ዶንግሉ ሲከዳው በገመድ ይቀጥላል። ዩኤስቢ 3 ቀዳዳና የተሰካበት ሃርድ ዲስክ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጩኸት ስለሚፈጥሩ፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ዶንግሉን በማራዘሚያ ራቅ ማድረግ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የምጨነቀው ለልጆቹ ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በ90 ዴሲቤል ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ ልጁ ድምፁን የሚጨምረው የሰውን ጫጫታ ለመብለጥ ነው። ጆሮን ዙሪያውን በደንብ የሚሸፍን ሄድፎን ያንን ፍላጎት ይቀንሰዋል፤ ገመድ ኖረውም አልኖረውም መጀመሪያ የምፈትሸው እሱን ነው።

ልትገዛ ስትሄድ የምትጫወትበትን ስልክ ወይም ጆይስቲክ ይዘህ ሂድ። ባለገመድ ከሆነ ሙዚቃ እያጫወትክ የጃኩን አንገት ወደ አራቱም አቅጣጫ ቀስ ብለህ እጠፈው፤ ድምፁ ብልጭ ድርግም ካለ ሌላ ይውጣልህ። ገመድ አልባ ከሆነ ጌሙን ክፈትና ተኩስ፤ ጣትህ ከነካበት እስከምትሰማበት ያለውን ልዩነት ጆሮህ ወዲያው ይነግርሃል።