ያውቁ ኖሯል? የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻግሯል

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር አትላንቲክን ለመሻገር ከሞሮኮ የተነሣባት ጀልባ «ራ» የተሠራችው ከጣና ሐይቅ በታጨደ ደንገል ነበር። ደንገል በጨው ውኃ ቶሎ ይበሰብሳል ይባል ስለነበር፣ ጀልባዋ ባርባዶስ ሳትደርስ ስትቀር ጥርጣሬው እውነት መሰለ። ጥፋቱ ግን የደንገሉ አልነበረም፤ ሽቅብ የተቆለመመውን የኋላ ጫፏን ወጥሮ የሚይዘው ገመድ በመጉደሉ ጅራቷ ውኃ ውስጥ ገባ። በዓመቱ ከኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው «ራ 2» ስምንት ሰዎችን ይዛ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ጀልባዎቹን የሠሩት የቻድና የቦሊቪያ ሰዎች ናቸውና የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው የሚል አይጠፋም። ሆኖም ያን ሁሉ ማዕበል የቻለው፣ የጣና ባለታንኳዎች ዛሬም አድርቀው፣ እየጠቀለሉ አስረው ማገዶና እህል የሚጭኑበት ያው ደንገል ነው።