ኪሎ ሌላ፣ ስብ ሌላ

በሰበታም ሆነ በቡራዩ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን የሚጠብቅ ልጅ አይጠፋም። ሚዛኑ ግን ስብን ከጡንቻ፣ አጥንትን ከውኃ አይለይም፤ ምሳንም አብሮ ይቆጥራል። እኩል 70 ኪሎ ከሆኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚያነጋ፣ ሌላው ከመሪ ጀርባ ቦርጭ ያወጣ ቢሆን ለሚዛኑ ያው ናቸው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም አልበርት ቤንኬ እና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተሙት ጥናት 25 ፕሮፌሽናል የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን መረመሩ። በቁመትና ክብደት ሠንጠረዥ ቢሆን 17ቱ «ወፍራም» ተብለው ከውትድርና ይመለሱ ነበር። ውኃ ውስጥ ተነክረው ሲመዘኑ ግን የአብዛኞቹ ክብደት ጡንቻ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሴንቲሜትር ኩብ ስብ 0.9 ግራም፣ የቀረው አካል 1.1 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ስብ የበዛበት ሰው ውኃ ውስጥ ይቀላል። ጣጣው ትንፋሽን አሟጦ አውጥቶ እስከ አናት መጥለቁ ነው።

አራስን እንዲህ ማድረግ አይታሰብም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከ600 በላይ ሕፃናትን ሲከታተል የተጠቀመበት ፒ ፖድ የተባለ መሣሪያ የውኃውን ሥራ ለአየር ሰጥቷል። ሕፃኑ ሞቅ ባለ ዝግ ሣጥን ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ይተኛል፤ ቢያለቅስም ቢንፈራገጥም መሣሪያው ከአየሩ ግፊት ለውጥ የሰውነቱን መጠን ያሰላል። ዴክሳ የተባለው የራጅ ዓይነት ደግሞ በሁለት ጨረሮች አጥንትን፣ ስብንና ሌላውን ይለያል፤ ስቡ የት እንደተከማቸም ያሳያል።

ስብን በቀጥታ የሚመዝን ግን አንዳቸውም አይደሉም። ለዚያ አስከሬን ከፍቶ ስቡን ከጡንቻው እየነጠሉ ማስላት ያስፈልጋል፤ ብራስልስ ላይ በ25 አስከሬኖች ተደርጓል። የቀረው ሁሉ ግምት ያለበት ስሌት ነው።

ለሱሉልታ ሯጮች የሚቀርበው ካሊፐር የተባለው መቆንጠጫ ነው። ክንድ ፊትና ኋላ፣ ከትከሻ አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት በላይ ቆዳው ከነስቡ ይቆነጠጣል። ደርኒንና ዎመርስሊ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ቀመር ሚሊሜትሩን ወደ ስብ መቶኛ ይለውጣል፤ የተሠራው ግን ግላስጎው ውስጥ 481 ሰዎች ተለክተው ነው። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትሮጥ ቀጭን ልጅ በልኳ የተሰፋ ልብስ አይደለም። አሠልጣኟ መቶኛውን ትቶ የሚሊሜትሩን ድምር ቢከታተል ይሻላል፤ ለኪው አንድ ሰው፣ የሚቆነጠጠውም ቦታ ያው እስከሆነ ድረስ።

ጂም ቤት የሚገኘው የኤሌክትሪክ ሚዛን በእግር በኩል ደካማ ጅረት ይሰድዳል። ውኃ ያዘለው ጡንቻ ያሳልፈዋል፣ ስብ ይገታዋል። የሚለካው እንግዲህ ውኃን ነው፤ ማታ ከክትፎና ከቢራ በኋላ የወጣው ቁጥር ጠዋት በባዶ ሆድ ከወጣው ቢለያይ አይገርምም።

ርካሹ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። መቶኛ አይሰጥም፤ የሆድ ስብን ግን ይጠቁማል። በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ አውጥቶ፣ ሆድን ወደ ውስጥ ሳይስቡ ይለካል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትርን ወሰን አድርጓል። ይህም የአውሮፓውያን ልክ ነው፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አፍሪካውያን የራሳቸው መረጃ እስኪገኝ ድረስ በዚሁ እንዲጠቀሙ ፌዴሬሽኑ ይመክራል።